ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት፦ ሕንፃ በየደረጃው የሚፈተሽባቸው የፊዚክስ ምክንያቶች

ጠንቃቃ ሸማች ጤፍ ሲገዛ ከጆንያው አፍ ላይ ብቻ ዘግኖ አያይም፤ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ከሥር ያለውንም አውጥቶ ይመለከታል። ሕንፃ የሚገዛ፣ የሚከራይ ወይም በሕንፃ ውስጥ የሚማር ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። ልስኑ ኮንክሪቱን፣ ኮንክሪቱ ብረቱን፣ ወለሉ መሠረቱን፣ መሠረቱም አፈሩን ሸፍኖታል። ሕንፃውን ተሸክመው የሚያቆሙት ነገሮች በሙሉ ከዓይን ተሰውረዋል፤ የሚታየው ቀለሙ፣ መስተዋቱና ሴራሚኩ ደግሞ ምንም ነገር አይሸከምም።

ሕንፃ በግንባታ ላይ ሳለ በየደረጃው መፈተሽ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎች ፍተሻውን ማኅተምና ፊርማ ለማሰባሰብ የተፈጠረ ምልልስ አድርገው ያዩታል። በዚህ ጽሑፍ ግን ጉዳዩን ከፊዚክስ አንጻር እንመረምራለን፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ምን ነገር እንደሚፈተሽ፣ ያ ደረጃ ካለፈ በኋላ ፍተሻው ለምን እንደማይቻል ወይም እጅግ እንደሚከብድ፣ እንዲሁም ፍተሻ ራሱ ምን ወሰን እንዳለው በቀላል ስሌቶች እናሳያለን። ምሳሌዎቻችንን በአብዛኛው የምንወስደው ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢዋ ነው።

ሕጉ የሚለው

በአገራችን የሕንፃ ግንባታን በወጥነት ለመምራት በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ወጣ፤ ማስፈጸሚያ ደንቡም ቁጥር 243 ሆኖ በ2003 ዓ.ም. ተከተለ። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈላቸው። ምድብ «ሀ» በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጠውን አነስተኛ ግንባታ የያዘ ሲሆን፣ ምድብ «ሐ» ደግሞ የሕዝብ መገልገያና የተቋም ሕንፃዎችን፣ ፋብሪካዎችንና ወርክሾፖችን እንዲሁም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ሕንፃዎች ያጠቃልል ነበር። በሁለቱ መካከል ያሉት በምድብ «ለ» ይወድቁ ነበር። በእነዚህ ሕጎች የሕንፃ ሹም የሚባል ባለሥልጣን በየከተማው ፕላን እንዲመረምር፣ ፈቃድ እንዲሰጥ፣ ግንባታውን በሥራ ላይ ሳለ እንዲፈትሽና ከጸደቀው ፕላን ውጪ የሆነውን ሥራ እንዲያስቆም ኃላፊነት ተሰጠው።

ምድቦቹ ለፊዚክስ ተማሪ እንግዳ አይደሉም። የአንድ ቢም ርዝመት በእጥፍ ሲጨምር፣ በእያንዳንዱ ሜትር ላይ ያለው ጭነት ሳይለወጥ፣ ቢሙን የሚያጎብጠው ሞመንት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 7 ሜትርም ሆነ 12 ሜትር በዘፈቀደ የተቀመጡ ቁጥሮች አይደሉም፤ ከዚያ በላይ ስህተት የሚያስከፍለው ዋጋ በፍጥነት እንደሚያድግ ያመለክታሉ።

አንደኛ ደረጃ፦ ጉድጓዱ ሳይሞላ

የመጀመሪያው ፍተሻ መሠረቱ ተቆፍሮ፣ ድንጋይም ሆነ ኮንክሪት ሳይገባበት የሚደረገው ነው። ጥያቄው አፈሩ የሚጫንበትን ይችላል ወይ የሚል ነው። አንድ ኮለን 400 ኪሎ ኒውተን ጭነት ይዞ ቢወርድና የመሠረቱ ወለል 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ቢሆን፣ ስፋቱ 2.25 ካሬ ሜትር በመሆኑ አፈሩ ላይ የሚያርፈው ግፊት 178 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ቆፋሪው ሰነፍ ሆኖ ጎኖቹን 1.2 ሜትር ብቻ ቢያደርጋቸው ግፊቱ ወደ 278 ኪሎ ፓስካል ያሻቅባል። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር የምታክል ጉድለት ግፊቱን ከግማሽ በላይ ጨመረችው ማለት ነው። ጉድጓዱ ከተሞላ በኋላ ይህን ጉድለት በሜትር ለክቶ ማግኘት አይቻልም።

በጎጃም ደጋ ግን ከዚህ የከፋ ጠላት አለ፤ እሱም ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ እስኪፈጥር ድረስ ይደርቃል፤ በክረምት ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ምክንያቱ በውስጡ ያሉት የሸክላ ማዕድናት፣ በተለይም ሞንትሞሪሎናይት የሚባለው፣ አንድ ናኖ ሜትር ገደማ ውፍረት ካላቸው ንጣፎች መሠራታቸው ነው። የውኃ ሞለኪውሎች በንጣፎቹ መካከል እየገቡ አንዱን ከሌላው ያራርቋቸዋል። እያንዳንዱ መራራቅ ከቁጥር የማይገባ ቢሆንም ቢሊዮኖቹ ሲደመሩ ምድሩን ከፍ ያደርጉታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። «ቤቴ ቀላል ነው፤ አፈሩን አይከብደውም» ይባላል። ዋልካ ግን የሚያጠቃው በተለይ ቀላሉን ቤት ነው። ባለ አንድ ወለል የብሎኬት ቤት ግድግዳ አፈሩን የሚጫነው ከ20 እስከ 50 ኪሎ ፓስካል ባለው ግፊት ሲሆን፣ የዋልካ የማበጥ ግፊት 100 ኪሎ ፓስካልን በቀላሉ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ አፈሩ ቤቱን ያነሣዋል። እርጥበቱ መጀመሪያ የሚደርሰው ከጣሪያው ጠፈጠፍ በሚወርድበት ዳርቻ በመሆኑ ቤቱ በእኩል አይነሣም፤ በመስኮትና በበር ማዕዘኖች ላይ በሰያፍ የሚወጡት ስንጥቆች የዚህ ምልክት ናቸው። መፍትሔው ዋልካውን አልፎ መቆፈር ወይም አውጥቶ በማያብጥ ሙሌት መተካት ነው።

የፍተሻው ወቅትም ትርጉም አለው። በሚያዝያ የተቆፈረ ዋልካ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ይታያል፤ ያው አፈር በነሐሴ ጫማ የሚውጥ ጭቃ ነው። ፈታሹ የአፈሩን የዛሬ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ዓይነቱን ማወቅ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ብረቱ ሳይሸፈን

ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲስቡት ግን ደካማ ነው፤ ለመሳብ ያለው አቅም ለመጫን ካለው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ሳቡን እንዲሸከም ፌሮ የሚገባበትም ለዚህ ነው። ስለዚህ የፌሮው ብዛትና ውፍረት ብቻ ሳይሆን ያለበት ቦታ የሕንፃው ዕጣ ነው።

ከግድግዳ ወጥቶ የተንጠለጠለ በረንዳን እንውሰድ። በረንዳው ወደ ታች ሲጎብጥ የላይኛው ፊቱ ይሳባል፤ የታችኛው ይታመቃል። ስለዚህ ዋናው ፌሮ መቀመጥ ያለበት ከላይ ነው። የሶሌታው ውፍረት 15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ፌሮው ከላይኛው ፊት 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ፣ ከታችኛው ፊት ያለው ርቀት 12 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሶሌታው ሞመንትን የሚቋቋምበት አቅም ከዚህ ርቀት ጋር በግምት ቀጥተኛ ተመጣጣኝነት አለው፤ ርቀቱ እንደ ማንሻ ክንድ ያገለግላልና። አሁን ሠራተኞች ባሬላ ተሸክመው ሲመላለሱ ፌሮውን በእግራቸው ረግጠው 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢያደርጉት ክንዱ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቀራል። ከአቅሙ 40 ከመቶ በላይ ጠፋ ማለት ነው። ፌሮ አልተሰረቀም፤ ሲሚንቶም አልተቀነሰም፤ ሒሳቡም በወረቀት ላይ ትክክል ነው። በረንዳው ግን በወረቀቱ ላይ ያለው በረንዳ አይደለም።

ፈታሹ በዚህ ደረጃ ፌሮዎቹን ይቆጥራል፤ ውፍረታቸውን ይለካል፤ የስታፋዎቹን ርቀት በተለይ ኮለንና ቢም በሚገናኙበት ቦታ ያያል፤ ፌሮውን ከፎርማው የሚያርቁት መቆሚያዎች መኖራቸውን ያረጋግጣል። ሥራው ከአንድ ሰዓት ብዙም ላይበልጥ ይችላል። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ግን ያንኑ መረጃ ለማግኘት በመግነጢሳዊ ዘዴ ብረት የሚያስስ መሣሪያ፣ የድምፅ ሞገድ መለኪያ ወይም ኮንክሪቱን በስቶ ናሙና ማውጣት ያስፈልጋል፤ የሚገኘውም መልስ ጎዶሎ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ኮንክሪቱ ሲደባለቅ

አሜሪካዊው ዳፍ አብራምስ እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመው ጥናት የኮንክሪት ጥንካሬ በዋነኛነት የሚወሰነው በውኃና በሲሚንቶ ጥምርታ መሆኑን አሳየ። ሲሚንቶ በኬሚካል ለመዋሐድ የሚፈልገው ውኃ የክብደቱን ሩብ ያህል ነው። ከዚያ በላይ ያለው ውኃ ድብልቁን ለሥራ ያለሰልሰዋል፤ በኋላ ግን ተንኖ በቦታው ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ይተዋል።

ለአንድ ከረጢት 50 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ 25 ሊትር ውኃ ቢታዘዝ ጥምርታው 0.5 ነው። ድብልቁ ደርቆ አልፈስ ያላቸው ሠራተኞች አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢጨምሩበት ጥምርታው 0.9 ይሆናል። በአብራምስ ቀመር ሲሰላ ጥንካሬው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ይህን ያደረገው ጀሪካን ዋጋው ከምንም የማይቆጠር ነው፤ በዓይንም ሲታይ ለስላሳው ድብልቅ ይበልጥ ያማረ ይመስላል።

በቦታው የሚደረገው ቀላል ፍተሻ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው የብረት ሾጣጣ ድብልቁን ሞልቶ፣ ሾጣጣውን አንሥቶ፣ ክምሩ ምን ያህል እንደተዘረጠጠ መለካት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኪዩብ ሠርቶ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በመጭመቂያ መስበር ነው። ሲ-25 የሚባለው ኮንክሪት በ28ኛው ቀን ቢያንስ 25 ሜጋ ፓስካል መቋቋም አለበት፤ የኪዩቡ ፊት ስፋት 0.0225 ካሬ ሜትር በመሆኑ ይህ 562.5 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም የ57 ቶን ያህል ክብደት ነው።

ይሁን እንጂ ኪዩቡ የሚናገረው ድብልቁ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር እንጂ ኮለኑ ምን እንደሆነ አይደለም። ኪዩቡ በሚገባ ተጠቅጥቆ ውኃ ውስጥ ሲቆይ፣ ኮለኑ ቫይብሬተር ሳይነካው ወይም ውኃ ሳይጠጣ ሊቀር ይችላል። በደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ የበጋው ፀሐይም ብርቱ፣ አየሩም ደረቅ ነው። በመሆኑም ኮንክሪቱ ውኃውን በቀን በፍጥነት ያጣል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ቀዝቃዛ ሌሊቶች ደግሞ ኬሚካላዊው ሂደት ይዘገያል። ስለዚህ ኮንክሪቱን በጆንያ ሸፍኖ ማጠጣትና ፎርማ ለማንሣት አለመቸኮል በዚህ አካባቢ እጥፍ አስፈላጊ ናቸው።

አራተኛ ደረጃ፦ ፎርማውና ርብራቡ

ጊዜያዊ ስለሆነ ብቻ ቸል የሚባለው ክፍል ይህ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ በየካሬ ሜትሩ 375 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 4 ሜትር በ5 ሜትር ለሆነ አንድ ክፍል 7,500 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ድረስ ይህን ሁሉ የሚሸከሙት በአብዛኛው የባሕር ዛፍ አጣናዎች ናቸው።

የስዊሱ የሒሳብ ሊቅ ሊዮንሃርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1744 እንዳሳየው፣ ቀጭን ምሰሶ የሚወድቀው እንጨቱ ስለደቀቀ ሳይሆን ወደ ጎን ስለጎበጠ ነው፤ የሚጎብጥበትም ጭነት ከቁመቱ ካሬ ጋር በተገላቢጦሽ ይመጣጠናል። 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 3 ሜትር ቁመት ያለው ፍጹም ቀጥ ያለ አጣና ከመጉበጡ በፊት 22 ኪሎ ኒውተን ያህል ሊሸከም ይችላል። ቁመቱ 6 ሜትር ሲሆን ግን አቅሙ ወደ 5.5 ኪሎ ኒውተን ይወርዳል። አጣናዎቹ በየአንድ ሜትሩ ቢተከሉ እያንዳንዱ ከሶሌታው ብቻ 3.7 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይደርሰዋል፤ ሠራተኞቹና አንድ ቦታ የተከመረው ኮንክሪት ሲታከሉ 5 ያልፋል። እንግዲህ በ3 ሜትር ቁመት ከአራት እጥፍ በላይ የነበረው አስተማማኝነት በ6 ሜትር ላይ አለቀ። አጣናው ደግሞ እንደ ስሌቱ ቀጥ ያለ አይደለም።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። የ6 ሜትሩን አጣና በመካከሉ ላይ በአግድምና በሰያፍ ከሌሎቹ ጋር አጥብቆ ማሰር ውጤታማ ቁመቱን ወደ 3 ሜትር ስለሚያሳጥረው አቅሙን አራት እጥፍ ያሳድገዋል። የርብራብ ፈታሽ መጀመሪያ የሚያየውም የእንጨቱን ውፍረት ሳይሆን ሰያፍ ማሰሪያዎቹን ነው።

ርብራብ ለታሰበለት ጭነት ብቻ የተሠራ መሆኑን መርሳት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በክልላችን በመራራ ሁኔታ ታይቷል። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ምንጃር ሸንኮራ ወረዳ፣ አረርቲ ከተማ፣ በግንባታ ላይ ባለው የአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ለበዓል ተሰብስበው ሳለ የእንጨት ርብራቡ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይም ተጎዱ። ለጥቂት ሠራተኞች የቆመ ርብራብ ብዙ ሕዝብ ሲወጣበት ጭነቱ ይባዛል፤ ሰዎች ደግሞ እንደ ኮንክሪት ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ሲንቀሳቀሱ ርብራቡን ወደ ጎን ይገፉታል። ስለዚህ የርብራብ ፍተሻ ጥንካሬን መለካት ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚወጣበት መወሰንና መግቢያውን መዝጋትም ነው።

አምስተኛ ደረጃ፦ ሰው ሳይገባበት

የመጨረሻው ፍተሻ የተሠራው ሕንፃ ከተፈቀደው ጋር፣ አገልግሎቱም ከታሰበው ጋር መመሳሰሉን ያያል። በባንግላዴሽ ዳካ አቅራቢያ የነበረው ራና ፕላዛ ለሱቅና ለቢሮ ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ ፎቆች ተጨምረውበትና የልብስ ፋብሪካዎች ከከባድ ጄኔሬተሮቻቸው ጋር ገብተውበት ነበር። ግድግዳው በተሰነጠቀ ማግሥት፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ሠራተኞቹ ወደ ሥራ እንዲመለሱ በታዘዙበት ጠዋት ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሞቱ። የሕንፃው ታችኛ ክፍል ኮለኖች ስለ ላይኛው ፎቅ አልተነገራቸውም ነበር፤ ጭነቱ ግን ሳያስፈቅድ ወረደባቸው።

ምን ያህል መፈተሽ ይበቃል?

አንድ ፎቅ 20 ኮለኖች አሉት እንበል፤ ከእነዚህ ሁለቱ ጉድለት አለባቸው። ፈታሹ ጊዜ ስላጠረው በዕጣ 5 ኮለኖችን መርጦ ቢያይ ሁለቱንም የመሳት ዕድሉ ምን ያህል ነው? ስሌቱ 15 ሲባዛ በ14፣ ለ20 ሲባዛ በ19 ሲካፈል ነው፤ ይህም 55 ከመቶ ይሆናል። ሐቀኛና ብቁ የሆነ ፈታሽ ሩቡን ቢያይ እንኳ ጉድለቱን ሳያገኝ የማለፍ ዕድሉ ከማግኘት ዕድሉ ይበልጣል። 10 ቢያይ ዕድሉ 24 ከመቶ ይሆናል፤ 15 ቢያይ 5 ከመቶ። ዕድሉ ወደ ዜሮ የሚወርደው ቢያንስ 19ኙን ሲያይ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርቶች እናገኛለን። አንደኛ፣ የሕንፃ ሹም አልፎ አልፎ መምጣት በየቀኑ በቦታው መገኘት ያለበትን ተቆጣጣሪ መሐንዲስ አይተካም። ሁለተኛ፣ ፈታሹ በዕጣ ሳይሆን በዕውቀት መምረጥ አለበት፤ በረንዳውን፣ የማዕዘን ኮለኑን፣ ደረጃውን፣ ረጅሙን ቢም። እነዚህን መምረጥ የሚያስችለው ደግሞ ከላይ ያየነው ፊዚክስ ነው።

«ፍተሻ ሥራ ያጓትታል፤ ወጪ ያበዛል» የሚለው ቅሬታ ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም። ኮንክሪት ለማፍሰስ ሠራተኛና ማሽን አሰናድቶ ፈታሽ ሲጠብቅ የዋለ ተቋራጭ በእርግጥ ይከስራል። የዚህ መልሱ ግን ፍተሻውን መተው ሳይሆን ቀኑን አስቀድሞ መቁረጥና ፈታሹ በቀኑ መገኘት ነው። ፌሮ ሳይሸፈን ማስተካከል የአንድ ፌራዮ የጥቂት ሰዓት ሥራ ሲሆን፣ ከተሸፈነ በኋላ ግን ኮንክሪት መስበር ነው፤ ፎቆች ከተደራረቡበት በኋላ ደግሞ ከነአካቴው የማይቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ፍተሻ ፋይዳ የሚኖረው «ቁም» ሊባልበት ሲችል ነው። ሶሌታው ከፈሰሰ በኋላ የሚፈረም ወረቀት የሶሌታውን ፌሮ አያውቀውም፤ የምድር ስበትም ፊርማ አያነብም። ከእናንተ መካከል ነገ መሐንዲስ፣ ተቋራጭ ወይም የሕንፃ ሹም የሚሆኑ አሉ፤ ሌሎቻችን ደግሞ እነርሱ በሚሠሩት ቤት የምንኖር ነን። በየሰፈራችን ፌሮ ታስሮ ስናይ ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ማን እንዳየው መጠየቅ ለሁላችንም የተገባ ነው።

መልመጃ

1. በአካባቢያችሁ ካለ ዋልካ ጥቂት አድርቃችሁ አልማችሁ፣ 10 ሚሊ ሊትሩን 100 ሚሊ ሊትር ውኃ ባለበት የመለኪያ ሲሊንደር ውስጥ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ከ24 ሰዓት በኋላ የረጋው አፈር ስንት ሚሊ ሊትር ሆነ? ከ20 ካለፈ አፈሩ በእጅጉ የሚያብጥ ነው። በቀይ አፈርም ሞክራችሁ አነጻጽሩ።

2. የአጣና የመጉበጥ አቅም ከውፍረቱ አራተኛ ፓወር ጋር ይመጣጠናል። ውፍረቱ ከ8 ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ቢያድግ አቅሙ ስንት እጥፍ ይሆናል? በመካከል ከማሰር ጋር ሲነጻጸር የትኛው ይሻላል?

3. በ20 ኮለኖች መካከል ጉድለት ያለበት አንድ ብቻ ቢሆን፣ 5 ኮለኖችን ያየ ፈታሽ የመሳት ዕድሉ ስንት ነው? ከ55 ከመቶ ለምን እንደበለጠ አስረዱ።